አንድ ቀይ መስመር፦ ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ

ከመንገድ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ እግሩን ይታጠባል፣ ቀጥሎ ወሬ ይጠየቃል። እኔ እግሬን ታጥቤያለሁ፤ ንዴቴ ግን አልታጠበም። ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩትም ምናልባት ቢወጣልኝ ብዬ ነው። የጉራጌን መስቀል በቴሌቪዥን እያያችሁ «አንድ ዓመት እሄዳለሁ» ስትሉ የምትከርሙ ሁሉ፣ ስለ ክትፎው የምነግራችሁ ጥቂት ነው። ክትፎው ጥሩ ነው። ያቃጠለኝ ሌላ ነገር ነው።

ማን እንደሆንኩ ልናገር። ደብረ ብርሃን ተወልጄ አዲስ አበባ ፊዚክስ የማስተምር ሴት ነኝ። የማጠናው ወርቅ ነው ስል ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ጣቴና ወደ አንገቴ ይወረውራል፤ ምንም የለም። የእኔ ወርቅ ማንም አንገት ላይ አይንጠለጠልም። ወርቅ እየደቀቀ እየደቀቀ በዓይን ከማይታይበት ደረጃ ሲደርስ ቢጫነቱን ትቶ ቀይ ይሆናል። ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ባንድ ላይ ይወዛወዛሉ፤ አንዱ ሲዘል ሁሉም እንደሚዘልበት የጉራጌ ጭፈራ በሉት። ይህን አብሮ መዝለል ፕላዝሞን እንለዋለን። ባደገው አገር በዚህ ብልሃት ብርሃንን በጣም ጠባብ ቦታ ውስጥ ያጠምዱበታል፤ ወርቁን ዕጢ ውስጥ አስገብተው በብርሃን እያሞቁ ዕጢውን ለማቃጠል ይሞክራሉ። እኔ ደግሞ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ላይ እሥለዋለሁ። መሣሪያ ይገዛልኝ ባልኩ ቁጥር «ይህ ለልማት ምን ይፈይዳል?» እባላለሁ። ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ።

የደመራ ዋዜማ

የጎረቤቴ የወይንሸት ሱቅ ከቤቴ በር ፊት ለፊት ነው። ሱቋን በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ብቻ ትዘጋለች። ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ባሉት ዓመታት በየመስከረሙ «ዘንድሮ ካልመጣሽ ጉርብትናችን ይቁም» እያለች ታስፈራራኝ ነበርና በመጨረሻ እሺ አልኳት። ወልቂጤ አጠገብ ጉብሬ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ወዳጄም ለተማሪዎቹ ስለ ጥናቴ እንድነግራቸው ጋብዞኝ ስለነበር፣ ከቡታጅራ በኋላ ወልቂጤ እሄዳለሁ ብዬ ተነሳሁ።

መናኸሪያው ሰው አልነበረም፤ ጎርፍ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ጉራጌ ሁሉ ባንድ ቀን ወጥቷል። አባዱላው ውስጥ አራት በምንቀመጥበት ወንበር አምስት ሆነን፣ እግሬ ሥር የሰው ጆንያ፣ ጭኔ ላይ የወይንሸት አዲስ ድስት ተቀምጦ ሄድን። እኛ አገር ለመስቀል ሰው ችቦውን ለኩሶ፣ ደመራውን ዞሮ፣ ብርዱን ፈርቶ ቶሎ ቤቱ ይገባል። እዚህ አገር ሙሉ ሕዝብ ይፈልሳል።

ጥያ ስንደርስ ትክል ድንጋዮቹን ላያቸው ፈልጌ ሹፌሩን፣ ጀማል ይባላል፣ ለአምስት ደቂቃ እንዲቆምልኝ ለመንኩት።

«እህቴ፣ ድንጋዩ የትም አይሄድም» አለኝ። «ወላሂ፣ ክትፎው ግን አይጠብቅም።»

መኪናው በሙሉ ሳቀብኝ። ቡኢ ሲደርስ ግን ለሻይ ቆመ፤ ለሻይ ጊዜ አይጠፋም። እዚያ ሻይና ዳቦ ቀመስን። ዳቦው ከእኛ አገር የገብስ ዳቦ አይደርስም፤ ይህን ለወይንሸት ብነግራት አኮረፈችኝ።

የወይንሸት ቤተሰብ የሚኖረው ከቡታጅራ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ነው። ከቡታጅራ ወዲያ ጭቃው ጉድ ነው። ከመኪና ወርጄ ሁለት ሜትር ሳልራመድ ቀኝ ጫማዬን ጭቃው ዋጠው። ፈለግነው፣ በእንጨት ቆፈርነው፣ የለም። የወይንሸት እናት በራፍ ላይ በአንድ ጫማ ሲያዩኝ የራሳቸውን ኮንጎ ጫማ አውልቀው እግሬ ሥር አስቀመጡ። «እርስዎስ?» ብላቸው «እኔ መሬቱን አውቀዋለሁ፤ አንቺ ነሽ የማታውቂው» አሉኝ። እስከ ጉዞዬ ፍጻሜ በዚያ ኮንጎ ሄድኩ።

ያደርኩበት አልጋ በቤቱ ውስጥ ያለ ምርጡ አልጋ ነበር። ከላዩ አዲስ አጎበር ተወጥሮለታል። ደብረ ብርሃን ትንኝ ምን እንደሆነ አናውቅም፤ ብርዱ ይፈጃታል። ስለዚህ አጎበሩ ውስጥ ገብቼ እንደ ሙሽራ ተኛሁ፤ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

የደመራ ዕለት

ጠዋት የጎመን ክትፎ በጣባ ቀረበ፤ ከቆጮና ከአይብ ጋር። ቤቱ በሰው ሞልቷል። አንዲት ሴት ብቻ ከጓዳ አትወጣም። አስካለ ትባላለች፣ የወይንሸት ወንድም የተካ ሚስት ናት፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር። ገብቼ ሳያት በዚያ ሙቀት ሁለት ጋቢ ደርባ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ግንባሯን ብነካው እጄን ፈጀኝ።

«ስንት ጊዜሽ ነው?» አልኳት።

«ይመጣል፣ ይሄዳል። የእርግዝና ነው ብለውኛል» አለች። «እግዚሃር ይመስገን፣ ወባ አይደለም። ሦስቴ ተመርምሬያለሁ።»

ተካ ሚስቱ ራስጌ ቆሞ ነበር። ዝምተኛ ገበሬ ነው፤ ቃል ሲያወጣ ሰው ሁሉ ያዳምጠዋል። «ሦስቴም ነፃ ነው የወጣው። የዘንድሮ መስቀል በቀበሌያችን ወባ የለም» አለኝ። ይህን ሲል በኩራት ነበር።

የዚያን ጊዜ ነው ከአስካለ አልጋ አጠገብ መደቡ ላይ ያለችውን ነገር ያየኋት። ጣት የምታህል ነጭ ፕላስቲክ ናት፤ መሃሏ ላይ ጠባብ መስኮት አለቻት፣ በመስኮቷ ውስጥ አንድ ቀይ መስመር። የወባ መመርመሪያ። አንስቼ በብርሃን አየኋት፤ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ በደስታ ዘለለ። ያ ቀይ የእኔ ወርቅ ነው! ቀለም አይደለም፤ የደቀቀ ወርቅ ነው። ወርቁ ላይ የወባን ምልክት ለይቶ የሚይዝ ነገር ይለጠፍበታል፣ ከደሙ ጋር በወረቀቱ ይፈስሳል፣ ወባ ካለ አንደኛው መስመር ላይ ተጠራቅሞ ይቀላል። ሌላኛው መስመር ወባ ኖረም አልኖረም ይቀላል፤ ደሙ እስከ ጫፍ መፍሰሱን ብቻ ይነግራል። ሁለት መስመር ወባ ነው፣ አንድ መስመር ነፃ። ለልማት ምን ይፈይዳል ሲሉኝ የኖሩት ነገር እነሆ አንድ የቆላ ጓዳ ውስጥ መደብ ላይ ተጋድሟል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

ደስታዬ ግን አልቆየም። አስካለ እየነደደች ነው፤ መስመሩ አንድ ነው። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል፤ የሚንገጫገጭ ጥርስ ደግሞ አይዋሽም።

ማታ ደመራው ተለኮሰ፣ ጭፈራው ቀለጠ። ወይንሸትን ጎተት አድርጌ አጎበሩ የማን እንደሆነ ጠየቅኳት። «የአስካለ ነው፤ እንግዳ ከማክበር የሚበልጥ አለ እንዴ?» አለችኝ። እዚያው ጮህኩባት። ነፍሰ ጡር ሴት ከአጎበር አውጥቶ እኔን ማስተኛት ምን ዓይነት ክብር ነው? እሳት ከምትሞቂበት ተነሺ አልኳት። ሁለታችን አጎበሩን ነቅለን አስካለ አልጋ ላይ ሰቀልን፤ እናትየው አኩርፈው አዩን።

መስቀል

ጠዋት ሰው በሬ ሲያርድ እኔ ኮንጎዬን ተጫምቼ ጤና ኬላው ሄድኩ። የኬላዋ ሠራተኛ ነዒማ ሙስሊም ናት። «መስቀል የእነሱ ነው፤ እነሱ ይብሉ፣ እኔ ኬላውን እጠብቃለሁ» ብላ በበዓሉ ቀን ሥራ ላይ ነበረች። ኬላው ከመስታወት የጠራ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ የተጠረገ ክሊኒክ አላየሁም። በሩ ላይ «ቀበሌያችን ከወባ ነፃ ነው» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል።

«መመርመሪያዎቹን ላያቸው?» አልኳት።

ፊቷ በራ። ከመደርደሪያ ላይ ትልቅ ትሪ አወረደች፤ ላዩ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ስትገልጠው ነጫጮቹ ፕላስቲኮች ለእንግዳ እንደተሰናዳ ምግብ በረድፍ ተደርድረዋል። ሁሉም ራቁታቸውን ናቸው።

«ከረጢታቸውስ?»

«ቀድጄ አወጣኋቸው» አለች። «ባለፈው መስቀል ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ሰልፉ ከግቢ ወጥቶ፣ እኔ አንድ በአንድ ስቀድ ተሰላችቶ ሄደብኝ። መስቀል ደግሞ ያለ ዝግጅት አይሆንም። እነሱ ቅቤያቸውን ከክረምት ጀምሮ ያጠራቅማሉ፤ እኔም ከነሐሴ ጀምሬ ተሰናዳሁ።»

ከነሐሴ ጀምሮ! ያ ሁሉ ዝናብ፣ ያ ሁሉ እርጥበት፣ ከዚያ በቆርቆሮ ሥር ያ ሁሉ ሙቀት። መመርመሪያዋ ከከረጢቷ የምትወጣው ደሙ ሊንጠባጠብባት ሲል ብቻ ነው።

«በውስጡ ያለችው ትንሿ ከረጢትስ? እርጥበት የምትስበው?»

«እሷማ "አትብሉ" የሚል ሥዕል አለባት፤ መርዝ መስላኝ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኳት፤ የሰው ዶሮ እንዳይለቅማት።»

ጮህኩባት። አላፍርም፣ ጮህኩባት። ከመሳቢያዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችልኝ። መመሪያው ነው፤ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ። ሥልጠናው ግማሽ ቀን ነበር፤ ከግማሹ አብዛኛው ስለ ሪፖርት አሞላል ነው። የወረዳ ሰዎች ዕቃ ይዘው ሲመጡ ያሏት ቃል አንድ ነው፦ «ለመስቀል ዝግጁ ሁኚ።» ዝግጁ ሆነች። ንዴቴ ከእሷ ላይ ተነስቶ ሌላ ማረፊያ ፈለገ፤ ለማግኘትም ሩቅ አልሄደም።

ሊቀመንበሩ በር ላይ ቆመው ነበር። ጩኸቴን ሰምተው ከበዓል ላይ ተነስተው መጡ፤ ጥርሳቸው መሃል ሥጋ አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ናቸው፤ ሸንቃጣ፣ ለስላሳ አንደበት ያላቸው፣ በስብሰባ የተገሩ ሰው። መጀመሪያ ያዩት ፊቴን አይደለም፤ ኮንጎዬን።

«ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያስተምሩት አሉኝ» አሉ።

«አዎ። እነዚህ መመርመሪያዎች ተበላሽተዋል። አስካለ ወባ ሊኖርባት ይችላል፤ ሌላም ሰው።»

«ቀይ መስመር ወጥቷል አይደል? ቀይ ከወጣ ሠርቷል ማለት ነው።»

«ያ መስመር ሁልጊዜ ይወጣል። ደሙ መፍሰሱን እንጂ ወባ አለመኖሩን አይናገርም።»

«መምህርት» አሉኝ፣ እንደ ልጅ እያባበሉ። «ይህ ቀበሌ ሞዴል ነው። በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ታግለን ወባን ዜሮ አድርሰናል። በዚሁ ሳምንት ወልቂጤ ተጠርተን እንሸለማለን። እርስዎ የሚሉት የአመለካከት ችግር ነው።»

አመለካከት! አንዲት ሴት በትኩሳት ትነድዳለች፣ እሳቸው የእኔን አመለካከት ያክማሉ። ያልኩትን ሁሉ እዚህ ብጽፈው የሚያትመው አይገኝም። ወደ ቤት ሮጥኩና ተካን «ዛሬውኑ ወደ ቡታጅራ» አልኩት። ሊቀመንበሩ ተከትለውን መጥተው ተካን ወደ ጎን ወሰዱት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የተናገሩትን እኔም ሰማሁ።

«ውሰዳት፤ ማንም አልከለከለህም። ከየት ቀበሌ ነሽ ሲሏት ግን የወንድሜ ቤት ከርሜ ነው፣ ከዚያኛው ቀበሌ ነው የመጣሁት ትበል። የአገርህን ስም አታጥፋ።»

ተካ ሚስቱን በጋቢ ጠቅልሎ ወደ መንገዱ ተሸከማት። የጀማል አባዱላ ከቡታጅራ ሰው ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሌላ ተሳፋሪ ሁሉ አስወርዶ ወሰደን፤ ገንዘብ አልተቀበለም። «አላህ ያሽራት» ብቻ አለ።

የመስቀል ማግስት፣ ቡታጅራ

ያደርነው ወንበር ላይ ነው። አስካለን ተቀብለው አስተኝተዋት ነበር፤ ደሟ የሚታየው ግን ጠዋት ነው ተባልን፣ መብራት ጠፍቷልና። ጠዋትም መብራት አልነበረም። ሙራድ የሚባል የላብራቶሪ ሰው ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮት አስጠግቶ በመስተዋት የፀሐይ ብርሃን እየመለሰ አየ። ብዙ አልቆየም።

«ወባ ነው» አለ። «ሞልቷል።»

ከኬላው አንድ የተከፈተ መመርመሪያ በኪሴ ይዤ መጥቼ ነበር። ሙራድን የእነሱን ያልተከፈተ አንድ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። የአስካለን ደም በሁለቱም ላይ አንጠባጠበ፣ ፈሳሹን ጨመረ፣ ጠበቅን። ካልተከፈተው የወጣው ላይ ሁለት ቀይ መስመር ወጣ፤ ወፍራም፣ ማንም የሚያየው። ከነዒማ ትሪ የመጣው ላይ አንድ። ያው ደም፣ ያው ሰዓት፣ ያው ጠረጴዛ። ሙራድ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ስንት ሰው ነው በዚህኛው የተመረመረ?» አለኝ። ከነሐሴ ወዲህ የመጣ ሁሉ ነበር።

አስካለ መድኃኒት ተጀመረላት። ግን ዘግይቷል። ከሰዓት በኋላ ምጥ ያዛት፤ ያለ ጊዜው። ልጁ ወንድ ነበር። አልጮኸም።

ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። አስካለ ተርፋለች። አዋላጇ ልጁን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ለተካ ስትሰጠው፣ ከየት ቀበሌ እንደሆኑ ጠየቀችው። ተካ የእውነተኛውን ቀበሌ ስም ተናገረ። ሁለት ጊዜ፣ ጮክ ብሎ።

በማግስቱ

ልጁን የቤተሰቡ ማሳ ዳር ቀበሩት። ነዒማ መጣች። ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ነበር፤ ቀርቦ የተቆጣትም፣ ያጽናናትም የለም። ቀብሩ ካለቀ በኋላ ወደ እኔ መጥታ «ወልቂጤ ይሄዳሉ አይደል? አብሬዎት ልሂድ» አለችኝ። ወረዳውን በስልክ አዲስ መመርመሪያ ጠይቃ ነበር። የተሰጣት መልስ ይህ ነው፦ ቀበሌው ከወባ ነፃ ተብሎ ሪፖርት ስለተደረገ ኪት አልተመደበለትም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። መመርመሪያው ስለተበላሸ ወባ አልታየም፤ ወባ ስላልታየ ደህና መመርመሪያ አይላክም። እኛ አገር እንዲህ ያለውን «ጠላውን ጠጥቶ ጋኑን ሰበረ» ይሉታል፤ ይህ ግን ከዚያም ይከፋል።

የወልቂጤ መንገድ

ቡታጅራና ወልቂጤ የአንድ ዞን ከተሞች ናቸው፤ መሃላቸው ተራራ አለ። በተራራው ላይ የሚያልፈው መንገድ በዚያ ሰሞን ጭቃ ነው ተባልን፤ ስለዚህ እስከ ዓለም ገና ድረስ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰን፣ ከዚያ በጅማ መንገድ ቁልቁል ወረድን። ጎረቤት ቤት ለመሄድ አገር መዞር ማለት ነው። ነዒማ ትሪዋን በነጩ ጨርቅ እንደሸፈነች ጭኗ ላይ ይዛው ነበር። መንገዱን ሙሉ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሰውን እንዳላስጠብቅ ብዬ ነው እኮ።» መንገድ ላይ ከገዛሁት ቆሎ ሰጠኋት።

ወልቂጤ ከደብረ ብርሃንም ከቡታጅራም ትሞቃለች፤ ባጃጁ እንደ ንብ ነው። ያደርንበት ፔንሲዮን ባለቤት የነዒማን ፊት ስታይ ምንም ሳትጠይቅ ወጥ አሙቃ፣ ለእሷ ለብቻ ሥጋ የሌለበት ሽሮ አቀረበችላት፤ ሙስሊም መሆኗን ከሻሿ አይታ ነው። አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው፤ ሳይነገረው ያውቃል።

በማግስቱ ጉብሬ ሄጄ ለተማሪዎች ስለ ወርቅና ብርሃን ተናገርኩ። ስለ ዕጢ ማቃጠል ያዘጋጀሁትን ሁሉ ትቼ ከሙራድ ያመጣኋቸውን ሁለቱን ፕላስቲኮች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላቸው። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የናኖ ቴክኖሎጂ ነው? እኛ ሰፈር ቆሻሻ ላይ ተጥሎ እኮ ነው የምናየው!» አለ። ሳቁ። እኔም ልስቅ ፈልጌ አልመጣልኝም።

ከዚያ ከነዒማ ጋር ወደ ዞኑ ጤና ሹም ቢሮ ሄድን። የሕክምና ዕቃ ኃላፊ ነው፤ ሁለቱን መመርመሪያዎች አይቶ ወደ መስኮት ዞረ። «ይህ በደንብ መጠናት አለበት። የሽልማቱ ፕሮግራም ካለፈ በኋላ እንነጋገር። ለመሆኑ የፊዚክስ ሰው ጤና ውስጥ ምን አገባት?» አለ። መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ነዒማ ትሪዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከቡታጅራ ጀምሮ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምቻት አላውቅም።

«ልጅ ቀብሬ ነው የመጣሁት» አለች። «ደህና መመርመሪያ ሳላገኝ አልወጣም። ወላሂ፣ እዚሁ ነው የማድረው።»

ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰውየው አያት፣ እኔን አየ፣ ሰዓቱን አየ። አንድ ካርቶን ተሰጣት። የታሸገ።

መመለሻ

ሽልማቱ ተደረገ። አልሄድኩም፤ ጭብጨባው ግን እስከ ፔንሲዮኑ ይሰማ ነበር። ነዒማም ስሟ ተጠርቶ ነበር አሉ፤ እሷ እኔ ጋ ተቀምጣ ካርቶኑን አንድ በአንድ እየቆጠረች ሽፋናቸውን ትፈትሽ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃችንን ይዘን ስንወጣ ሊቀመንበሩን የፔንሲዮኑ ግቢ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። እሳቸውም እዚያው አድረው ኖሯል። ጋቢ ደርበዋል፤ የሠርተፊኬቱ ክፈፍ ጭናቸው ላይ ነው። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ድምፁን ወዲያው አወቅሁት።

«ብርድ ነው» አሉ። «የወልቂጤ ብርድ።»

ነዒማ ቦርሳዋን አስቀምጣ ጓንቷን አጠለቀች። የታሸገው ካርቶን ከሥር ነበር፤ ትሪው ከላይ። እጇ መጀመሪያ ያገኘው ከትሪው ውስጥ ነው። ነጭ፣ የተከፈተ፣ በነሐሴ የተሰናዳ። ጣታቸውን ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ ሊቀመንበሩ መመርመሪያዋን አዩና እጃቸውን ወደ ጋቢው መለሱ።

«ከዚህ አይደለም» አሉ። «ያልተከፈተውን።»

ነዒማ ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው ሠርተፊኬቱን አዩ። አውቀዋል ማለት ነው። ኬላው በር ላይ ጥርሳቸው መሃል ሥጋ ይዘው ሲያባብሉኝም አውቀዋል፤ ተካን ወደ ጎን ሲወስዱትም አውቀዋል። ለአስካለ ይበቃት የነበረው ለእሳቸው ጣት አልበቃም።

ነዒማ የተከፈተውን መለሰች። ካርቶኑን ፈታ አንዱን አወጣች፣ ከረጢቱን እፊታቸው ቀደደች። ጣታቸውን ወጋች፣ ደሙን አንጠባጠበች፣ ሦስታችንም ጠበቅን። ሁለት ቀይ መስመር ወጣ።

ከቦርሳዋ መድኃኒት አውጥታ ሰጠቻቸው። ከምግብ ጋር እንዲወስዱት፣ ደህና ነኝ ብለው እንዳያቋርጡት ነገረቻቸው፤ ለማንም በምትናገርበት ድምፅ። እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ባላውቀው ይሻላል።

ነዒማ ካርቶኑን ታቅፋ ከዓለም ገና በቡታጅራ መኪና ወደ ቀበሌዋ ወረደች፤ እኔ ወደ አዲስ አበባ ገባሁ። ኮንጎውን አጥቤ ለወይንሸት እናት ላክሁላቸው። የአስካለን መመርመሪያ፣ አንድ መስመር ያላትን፣ የቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ አኑሬያለሁ፤ የሚቀጥለው ሰው መጥቶ ለልማት ምን ይፈይዳል ሲለኝ አሳየዋለሁ።